ከወረቀቱ የተቆረጠችው መስመር

መርዶ በሥርዓት የሚነገር ነገር ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ንስሐ አባት ተይዞ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚንኳኳው። እኔ ዘንድ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ የቤቴን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሽማግሌም ቄስም ሳይኖር በስልክ ውስጥ ሆኖ መጣ። ያን ቀን ያየሁትን ለማንም በወጉ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ልሞክር።

በቅድሚያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትርንጎ እባላለሁ፤ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ቫዮሊን ተምሬ ከተመለስኩ በኋላ እንጅባራ ኮሌጅ ውስጥ ለዕጩ መምህራን ሙዚቃ አስተምር ነበር። እንጅባራ ስል ያው በድሮ ስሟ ቆሰበርን ማለቴ ነው፤ አፋችን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ማስተማር ከተባለ ነው እንግዲህ፤ አንድ የተሰባበረ ኪቦርድ ይዤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እጮሃለሁ። ቫዮሊኔ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። ጠባዬ ሸካራ ነበር። ባልደረቦቼ «ስሟ ትርንጎ፣ ጣዕሟ ግን እሬት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የመረረኝ ነገር ነበር፤ የመረረኝ ሰው ነበር ብል ይሻላል።

ይሁኔ ይባላል። የአዘና ገጠር ልጅ ነው። አዲስ አበባ ስንማር አራት ሆነን እንጫወት ነበር፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ኳርቴት ይሉታል። እኔ ሁለተኛ ቫዮሊን ነኝ፤ እሱ ቪዮላ። ቪዮላ ማለት የቫዮሊን ታላቅ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ድምፁ ወፈር ያለ። ዜማውን ቫዮሊን ይወስደዋል፣ ሥሩን ቼሎ ይይዘዋል፣ ቪዮላ መሃል ገብቶ ሲያስታርቅ ይውላል፤ አመሰግናለሁ የሚለው ግን የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማዳመጫ ክፍል ገብተን የአንድ ሙዚቃ ሦስት አራት ቅጂ እያነጻጸርን እንሰማ ነበር። የተለያዩ ቡድኖች ናቸው፤ ወረቀቱ ግን አንድ ነው። አንደኛው ቡድን ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ይጎትተዋል፣ ሌላው ሚኒባስ እንዳመለጠው ይሮጣል። እኔ ሁልጊዜ የምሰማው የላዩን ቫዮሊን ነው። ይሁኔ ጆሮዬን ቆንጠጥ ያደርግና፣ «መሃሉን ስሚ እንጂ! ላዩንማ ማንም ይሰማዋል። ማን እንዳለ የሚታወቀው ከመሃል ነው» ይለኛል። ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄኛው ቪዮላ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው» ሲል በሳቅ እንፈርሳለን።

ለምረቃችን ያጠናነው አንድ የጥንት ጀርመን የጻፈውን ቀስ ያለ ክፍል ነበር። የቪዮላው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የገጹ የመጨረሻ መስመር ተቆርጣ ቀርታለች። ዋናውን መጽሐፍ ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። እኛ እንዲህ ነው የተማርነው፤ ከፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ላይ። ይሁኔ የጎደለችውን መስመር ከራሱ ሞላት። ስንሰማው ደስ አለን፤ ከየት አመጣሃት አልኩት።

«ከእናቴ» አለ። «ላም ስታልብ የምታንጎራጉራት ናት። ላሟ ያለእሷ ወተቷን አትለቅም።»

በኋላ መምህራችን ትክክለኛውን ወረቀት ከውጭ አስመጥቶ ሰጠው። ይሁኔ እጅ ነስቶ ተቀበለ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ በምረቃው ቀን የእናቱን ተጫወተ። መምህሩ ደም ሥሩ እስኪገተር ተቆጣ። «ወረቀቱን ሰጥቼህ የለም እንዴ? ይሄ ስህተት ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ይሁኔ። «እሷን ዘልዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ በየቤታችሁ አለ። ቪዮላ ተጫዋች ማን ይቀጥራል? «ጠብቂኝ» ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን በመተማ በኩል መውጣቱን ከሰው አፍ ሰማሁ። ከሱዳን አንዴ ደወለ፤ ሊቢያ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ሦስት ዓመት አለፈ። ሞተ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም፤ ረሳኝ ነበር የምለው። መናደድ ከማልቀስ ይቀላላ።

ያን ቅዳሜ «ቤቶች!» የሚል የወንድ ድምፅ ሰምቼ በሩን ከፈትኩ። የይሁኔ አጎት አያ አለኸኝ ናቸው፤ ጋቢያቸው ከዝናቡ የተነሳ ከትከሻቸው ተጣብቋል። ከኋላቸው የይሁኔ እናት እማማ ደብሬ ቆመዋል። ልጃቸው ከጠፋ በኋላ «ወሬ ሰማሽ ወይ?» እያሉ ደጋግመው ስለመጡብኝ አውቃቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሙዚቃ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም፤ በምረቃውም ታመው አልመጡም ነበር።

እማማን አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። አያ አለኸኝ እጄን ይዘው ወደ በረንዳው ሳቡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የምነግርሽን ቻይው። ይሁኔ ሞቷል።»

«ማን አለ?» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ።

«ቀስ! ከሊቢያ የተመለሰ የጥሊሊ ልጅ አለ። አብረው ነበሩ። የይሁኔ ጀልባ ባሕር ላይ ስትሰጥም ከሌላው ጀልባ ሆኖ አይቷል፤ በመስቀል ምሎልኛል። ነገ ማለዳ ልናረዳት ሽማግሌው ተሰናድቷል፣ ድንኳኑም ተለምኗል። ግን የሰው ሹክሹክታ ነገራት መሰለኝ፣ ታውቃለች። ትናንት ደግሞ ይሄ መጣ።»

ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። የእማማ እህት ልጅ የሺ ጣሊያን አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ወደ ሥራ ስትሮጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሙዚቃ ሰምታ ወደ ውስጥ ብታይ አራት ሰዎች ይጫወታሉ፤ አንደኛው የሐበሻ መልክ ያለው ነው፤ ጀርባውን ሰጥቷታል። ከበሩ ሆና ድምፁን ቀዳች። ዘበኛው አስወጣት። በማግሥቱ ብትመለስ ማንም የለም። «ጀርባው ቁርጥ ይሁኔን» ብላ ላከችው።

«እሱ ከሆነ» አሉ አያ አለኸኝ፣ «በቁሙ ለምናለቅስለት ልጅ ደረስሽለት ማለት ነው። ሰው በቁሙ ከተለቀሰለት ምን ዕድሜ አለው? ካልሆነም ንገሪን። ነፍሱ ያለ ፍትሐት እስከ መቼ ትንከራተት? አንቺ ጎኑ ተቀምጠሽ የተጫወትሽ ነሽ። ሌላ ማንን እንጠይቅ?»

እኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ተመልሼ ስገባ እማማ ደብሬ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱ ነው በይኝ ልጄ» አሉ። «እሱ ነው በይኝና ያዘዝሽኝን ልሁን።»

«እማማ፣ ገና አልሰማሁትም እኮ።»

«ስትሰሚው ነው የምልሽ።»

መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። የምረቃችን ቅጂ ላፕቶፔ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ደግሞ አርጅቶ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በስልኩ ጀመርኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ ጫጫታ፣ ኮቴ፣ የሰው ሳል መጣ። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ተመልሶ የሚወርድ የገመድ ድምፅ ሰማሁ።

ያው ሙዚቃ ነው! የእኛው ቀስ ያለ ክፍል!

አይ ሲጫወቱ! እኛ ስንንገዳገድ ያለፍንበትን እነሱ እንደ ቤታቸው ይመላለሱበታል። ቼሎው እኛ ቼሎ ነው የምንለውን ያሳፍራል። «መሃሉን ስሚ» አልኩ ለራሴ። ጨፈንኩ። ቪዮላው ከሥር ብቅ አለ፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ድምፅ። ደግሞ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ጣቱ ገመዱ ላይ ተንሸራተተ። ይሁኔ ከልጅነቱ ማሲንቆ የለመደ ስለሆነ ጣቱ ሁልጊዜ እንዲሁ ይንሸራተት ነበር፤ መምህራችን ሊያስተወው ሞክሮ አቅቶታል። ማዳመጫውን ነቅዬ ተነሳሁ።

«እሱ ነው? ነው አይደል?» እማማ ጉልበቴን ያዙኝ።

«ይቆዩ እማማ፣ ይቆዩ በሞቴ፣ ላስተያየው።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን የእኛን ቅጂ አስጀመርኩ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ከቀኜ በኩል ይሁኔ አለ። ከመግባቱ በፊት በአፍንጫው አየር ሲስብ ይሰማል፤ ያ ትልቅ ትንፋሹ፣ «አንተ በሬ» እያልን የምንስቅበት። ናፍቄው እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ተናድጄ ሳይሆን ናፍቄ ነበር ለካ።

ማነጻጸር ጀመርኩ። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ላፕቶፑን። የእኛ ይሁኔ ሲንሸራተት ወደ ላይ ነው፤ የሆነ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው። የጣሊያኑ ወደ ታች ነው። ታዲያ ጣት በሦስት ዓመት አይለወጥም? አዲስ መምህር አግኝቶ ይሆናል። የጣሊያኑ አየር ሲስብ አይሰማም። ታዲያ ከበር ላይ የተቀዳ ነገር ትንፋሽ ከየት ያምጣ? አንዱን ምልክት አግኝቼ ስደሰት ሌላው ያፈርሰዋል፤ ሲፈርስ እኔው እንደገና አቆመዋለሁ። የምሰማው ሙዚቃውን ይሁን የእማማን ለቅሶ እስኪጠፋኝ ድረስ።

አያ አለኸኝ በሩ ሥር ቆመው ከዘራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። በመሃል ከእማማ ጋር በአውኚ፣ በአገው ቋንቋ፣ ተነጋገሩ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ብዙም አልሰማም፤ የይሁኔን ስም ብቻ ለየሁ።

«መምህርት» አሉኝ እማማ ድንገት። ሁልጊዜ ልጄ ነበር የሚሉኝ። «አንድ ቦታ ስትደርሽ ታጠፊዋለሽ። እያየሁሽ ነው። ምን አለ እዚያ?»

ያዙኝ። እውነት ነው። ያቺ የተቆረጠችው መስመር ልትደርስ ስትል ነው የማቆመው፤ ሁለቱንም። ከእሷ በኋላ ማምለጫ እንደሌለ አውቃለሁ። ፈራሁ። እዚህ ምድር ላይ አንድን ነገር እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

«እማማ፣ ይቅርብዎ።»

«ንገሪኝ ብያለሁ!»

ነገርኳቸው። ወረቀቱ መቆረጡን፣ ይሁኔ ከራሱ መሙላቱን፣ ትክክለኛው ወረቀት ሲሰጠው አጥፎ ኪሱ መክተቱን፣ ለመምህሩ ምን ብሎ እንደመለሰለት። ከየት እንዳመጣት ግን አልተናገርኩም።

«አሰሚኝ» አሉ።

«እማማ...»

«በእናትሽ አሰሚኝ!»

የላፕቶፑ ባትሪ ቀይ መብራቱን እያሳየ ነበር። ማዳመጫውን ሁለት ጆሯቸው ውስጥ ከተትኩላቸው፤ ስጣደፍ ሻሻቸውን አበላሸሁባቸው። የእኛን ቅጂ ከመስመሯ ጥቂት ቀደም ብዬ ጀመርኩት። መጀመሪያ ፊታቸው ግራ ተጋባ፤ የፈረንጅ ነገር ምን ይገባቸዋል? ከዚያ መስመሯ ደረሰች።

እማማ ደብሬ ከንፈራቸው ሳይከፈት ከጉሮሯቸው አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ። እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው አንዱ ሲጨብጥ አንዱ ሲለቅ፣ አንዱ ሲጨብጥ አንዱ ሲለቅ። ያልባሉ! ባዶ ጭናቸው ላይ ላም ያልባሉ። አያ አለኸኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይቺ የእኔ ናት» አሉ እማማ። «ከየት ሰማት? ጥጃ ይዞልኝ ሲቆም ነው።» ፈገግ አሉ፤ ያን ፈገግታ «ምነው ባላየሁት» እስከ ዛሬ እላለሁ። «አሁን የየሺን ስጪኝ።»

ማዳመጫውን ከስልኩ ጋር አያያዝኩት። አንዷን ጆሮ ለእሳቸው፣ አንዷን ለእኔ። ራስ ለራስ ገጥመን ተቀመጥን፤ ነጠላቸው የጭስና የቅቤ ሽታ አለው። ሙዚቃው መጣ። ጣቶቻቸው እንደተዘጋጁ ናቸው። አምላኬ ሆይ፣ አንዴ ብቻ፣ እል ነበር። አንዴ ይሳሳት። ስህተት እንዲሰማ የጸለይኩ የሙዚቃ መምህር እኔ ብቻ ነኝ።

ቪዮላው መስመሯ ላይ ደረሰ። ጀርመኑ የጻፈውን፣ ትክክለኛውን፣ ጥንቅቅ አድርጎ ተጫውቶ አለፈ።

የእማማ ጣቶች አልተንቀሳቀሱም።

«ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «አንዴ ጨምሪ።» ጨመርኩ። ዝናቡ መቆሙን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። እማማ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው በቀስታ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ልጄ አይደለም።»

«እማማ!» አልኩ። ልሟገት ተነሳሁ፤ ጭራሽ እኔው ብሼ! «ፈረንጆቹ አስገድደውት ይሆናል። አራት ሆነው ሲጫወቱ አንዱ ብቻውን እንዳሻው አይሆንም። ወረቀቱን ሰጥተውት...»

«መምህሩስ ወረቀት ሰጥቶት አልነበር?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እኔን ዘሎ አያልፍም» አሉ። «የትም አገር ይሁን፣ ማንም ይቆጣው፣ ይሁኔ እኔን ዘሎ አያልፍም። አሳደግሁት እኮ፤ አውቀዋለሁ።»

ተነሱ። ነጠላቸውን አወረዱ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። ወደ በሩ ዞረው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አለኸኝ፣ ና። መርዶህን ንገረኝ።»

አያ አለኸኝ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ኧረ ደብሬ፣ በማለዳ ነው እንጂ... ሽማግሌው ሳይኖር... ሰው ቤት...»

«ልጄ ማለዳ ጠብቆ አልሞተ። ንገረኝ።»

አያ አለኸኝ ከዘራቸውን ሳያነሱ፣ «ደብሬ፣ ይሁኔ... ይሁኔ ዐርፏል» አሉ። እማማ «ወየው!» ብለው የጮኹት ጩኸት እስከ ዋናው አስፋልት ተሰማ፤ ጎረቤቶቼ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን በአንድ ጊዜ አወጣሁት። እማማ ናቸው ያቀፉኝ። አስቡት፤ ልጅ የሞተባቸው እሳቸው፣ አጽናኙም እሳቸው።

በማግሥቱ አዘና ወረድኩ። በእኛ በኩል ለቅሶ ሲሆን የሟች ልብስ ይወጣል፣ ጠመንጃ ይወጣል፣ ፈረሱ ተሸልሞ ይዞራል፤ ሰው እነሱን እያየ ያለቅሳል። ለይሁኔ ግን ምን ይውጣ? ልብሱ ባሕር ውስጥ ነው። ቪዮላው የትምህርት ቤቱ ነበር። ፈረስ አልነበረውም። አንዲት የምረቃ ፎቶ ብቻ ናት ያለችው። ሰው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ግራ ገባው።

«ያን ድምፅ አምጪው» አሉኝ እማማ።

የሠርግ ሞንታርቦ ከከተማ በባጃጅ መጣ። አንድ ሽማግሌ ተቆጡ፤ «ለቅሶ ላይ ዘፈን? አበስኩ ገበርኩ!»

«ዘፈን አይደለም» አሉ አያ አለኸኝ። «እጁ ነው። የልጁ እጅ ነው፤ ሌላ የቀረን የለም።»

አጫወትኩት። አራት ተማሪዎች፣ አንዳንዴ እየሳትን፣ አዘና ሜዳ ላይ። ለሕዝቡ ጆሮ እንግዳ ነው፤ ምን ብሎ ያልቅስበት? ያቺ መስመር ስትደርስ ግን ከሴቶቹ መሃል አንዷ እንግዳ ድምፅ አወጣች። ቀጥሎ ሌላዋ። ሁሉም ላም አልበው ነው ያደጉት፤ ሁሉም ያውቋታል። ሞንታርቦው ወደሚቀጥለው ዜማ አለፈ፤ ሴቶቹ አላለፉም። እያንጎራጎሩ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር፤ ወንዱም ተከተለ። እንዲያ ሆኖ ተለቀሰ ይሁኔ።

ከወራት በኋላ የሺ ያንን ቪዮላ ተጫዋች ፈልጋ አገኘችው። ከሌላ አገር የመጣ፣ አማርኛ የማያውቅ ልጅ ነው። ስትነግረኝ አልደነገጥኩም፤ ግን ተቀምጬ ለብቻዬ አለቀስኩ። ለካ ከውስጤ የሆነ ቦታ እየጠበቅኩት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ቫዮሊኔን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ተማሪዎቼን የአንድ ሙዚቃ ሁለት ቅጂ አሰማቸዋለሁ፤ የትኛው ይበልጣል ብዬ ግን አልጠይቅም። መሃል ላይ ማን አለ ነው የምላቸው። ጠባዬም ትንሽ ሳይለሰልስ አልቀረም፤ ባልደረቦቼ ባያምኑም። ዝም ያለባችሁ ሰው ካለ ረሳኝ ብላችሁ አትቸኩሉ። እኔ በሙት ላይ ሦስት ዓመት አኩርፌአለሁ።

እማማ ደብሬ ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውሉልኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ያወሩና «በይ እስቲ ያቺን ቦታ ብቻ» ይሉኛል። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋዋለሁ። ይሁኔ በአፍንጫው አየር ይስባል፤ መስመሯ ትመጣለች፤ እሳቸውም ከወዲያ ሆነው ያንጎራጉራሉ።

«ተመስገን» ይላሉ ሲያልቅ። «ዛሬም አልዘለለኝም።»